ከፎገራ በሬ እስከ ድመቷ ኩላሊት

የፎገራን ሜዳ የሠሩት ርብና ጉማራ ናቸው። ሁለቱም ከጉና ተራራ ተነሥተው፣ የደጋውን አፈር እየጠረጉ ወርደው፣ ጣና ዳር ሲደርሱ ያራግፉታል። ክረምቱ ሲበረታ ሜዳው ከሐይቁ ጋር ይገጥማል፤ መስቀል ካለፈ በኋላ ውኃው ሲሸሽ ሣሩ እግር በእግር ይከተለዋል። የፎገራ ከብት የሚባለው ዘር ያደገው በዚህ ሣር ላይ ነው፦ ነጭና ጥቁር ቡራቡሬ፣ ቀንዱ አጭር፣ ሻኛው መጠነኛ፣ ረግረግ የማይፈራ፤ ላሟ ለወተት፣ በሬው ለእርሻ የሚፈለግ። ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመንም ሆነ በኋላ አፄ ቴዎድሮስና አፄ ዮሐንስ ደብረ ታቦር ላይ በከተሙበት ጊዜ፣ ሜዳው ከነገሥታቱ ደጅ የራቀ አልነበረም። ሜዳው ላይ ካለችው ከዛሬዋ ወረታ ከተማ እስከ ደብረ ታቦር ለእግረኛ የአንድ ቀን መንገድ ነው።

በጋ ሲገባ በዙሪያው ያለው እረኛ መንጋውን ወደ ሜዳው ያወርድ፣ ክረምት ሲመጣ መልሶ ያወጣ ነበር። አንዱ ጎጥ ከሌላው፣ አንዱ ወረዳ ከሌላው ከብት ጋር በአንድ ሣር ላይ አፍ ለአፍ ይገጥም ነበር። በደጉ ዘመን ይህ ልማድ ለሁሉም ግጦሽ ያዳርስ ነበር። በክፉው ዘመን ደግሞ በሽታን ያዳረሰው ይኸው ልማድ ነው።

ክፉው ዘመን የጀመረው ከፎገራ እጅግ ርቆ፣ ምጽዋ ወደብ ላይ ነው። ጣሊያኖች በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ከተመቱ በኋላ ብዙ ሠራዊት ወደ ባሕር ጠረፉ አስገቡ። ለዚያ ሠራዊት ሥጋና ጭነት የሚሆን ከብት ከሕንድ በመርከብ መጣ። ከከብቱ ጋር ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ አብሮ ወረደ። በእስያና በአውሮፓ ለዘመናት የታወቀ መቅሠፍት ነበር፤ የኢትዮጵያ ደጋ ከብት ግን እንዲህ ያለውን አላየም፤ የሚቋቋምበት ጉልበትም አልነበረውም።

በሽታው በ1880 ዓ.ም. ከሐማሴን ወደ ትግራይ፣ ከትግራይ ፎገራ ወዳለበት ወደ በጌምድርና ወደ ጎጃም ወረደ። በጌምድር ያኔ በሌላ እሳት ይነድ ነበር። በጥር ወር የሱዳን ድርቡሾች ደንቢያ ላይ፣ ሣር ውኃ በተባለው ቦታ፣ የጎጃሙን የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር አሸንፈው ጎንደርን አቃጠሉ። ሕዝቡ ከነከብቱ ወደየተገኘበት ሸሸ። የሚሸሽ መንጋ ደግሞ በሽታውን ተሸክሞት ይሸሻል።

የደስታን አገዳደል ያየ ሰው አይረሳውም። በሬው መጀመሪያ ይተኩሰዋል፤ ማመንዠጉን ይተዋል፤ ዓይኑ ያለቅሳል፤ አፍንጫው ይዝረከረካል። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ድዱና ምላሱ ሥር የስንዴ ብጣሪ የመሰለ ነጭ ነገር ይወጣና ሲነካ ይላጣል። ከዚያ ለሃጭ፣ ከዚያም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይከተላል። ሳምንት ሞልቶ ሁለተኛውን ሳያጋምስ ይወድቃል። ቫይረሱ የሚገባው የሰውነቱን ዘብ ወደሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት ነው፤ እነሱን ከጨረሰ በኋላ ከአፍ እስከ አንጀት ያለውን ስስ ሽፋን ይገፈዋል። በሬው የሚሞተው ውኃው ከሰውነቱ አልቆ፣ ደርቆ ነው።

በአገሪቱ ከነበረው ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ ይነገራል። ጥማድ ያጣ ገበሬ የፎገራን ጥቁር አፈር በምን ይረሰው? ያ አፈር ሲረጥብ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በዶማ የሚሸነፍ አይደለም። ዝናብ በጊዜው አልመጣ አለ፤ አንበጣና ተምች ተከተሉ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ አገሩ ያለ ንጉሥም ያለ በሬም ቀረ። አፄ ምኒልክ ሕዝቡ በእጁ ቆፍሮ እንዲዘራ ሲያዝዙ ራሳቸውም ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ሰው ለዘመኑ ያወጣለት ስም ክፉ ቀን ነው፤ እስከ 1884 ዓ.ም. ዘልቋል። ስለዚህ ዘመን ስናወራ ጦርነቱንና ነገሥታቱን እናስቀድማለን። እኔ ግን የዘመኑ ዋና ባለ ታሪክ በዓይን የማይታየው ያ ቫይረስ ነበር ባይ ነኝ፤ የትኛውም ጦር እሱ ያደረሰውን ያህል አላደረሰም።

በሽታው ከኢትዮጵያ ወደ ደቡብ ቀጠለ። የማሳይ አርብቶ አደሮችን መንጋ ፈጅቶ፣ ጎሹንና አጋዘኑን ጥሎ፣ ከዓድዋ ድል በኋላ ባለው ዓመት የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ተቆጣጠረ። ጀርመናዊው ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. በ1896 መጨረሻ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጠርቶ፣ በበሽታው ከሞተ ከብት የተወሰደ ሐሞት ጤነኛውን ሲወጉት ለብዙው መከላከያ እንደሚሆን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1902 ሞሪስ ኒኮልና አዲል ቤይ ኢስታንቡል ላይ የታመመ ከብት ፈሳሽ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አሳለፉ፤ የተጣራው ፈሳሽ አሁንም በሽታ አስያዘ። ገዳዩ ከባክቴሪያ ያነሰ ነገር መሆኑ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። በ1920ዎቹ ኤድዋርድስ የተባለ እንግሊዛዊ ሕንድ ውስጥ ቫይረሱን በፍየል ላይ እያሳለፈ አደከመው። የፍየሉ ክትባት ብዙ ከብት አዳነ፤ ነገር ግን ለአንዳንዱ ዘር ክትባቱ ራሱ በሽታ ይሆንበት ነበር።

ኩላሊት ወደዚህ ታሪክ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ዋልተር ፕላውራይት የሚባል የእንስሳት ሐኪም ኬንያ ውስጥ፣ ከናይሮቢ ወጣ ብላ በምትገኘው ሙጉጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ መንገድ ያዘ። የጥጃ ኩላሊት ተከትፎ፣ ሕዋሳቱ አንድ በአንድ እንዲለያዩ ተደርጎ፣ በመስተዋት ዕቃ ውስጥ በቀለብ ውኃ ይቀመጣል። ሕዋሳቱ በመስተዋቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይራባሉ፤ ስስ ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ፕላውራይት ካቤቴ ኦ የተባለውን ኃይለኛ ቫይረስ በዚህ ምንጣፍ ላይ አሳደገው፤ ከዚያ ወደ ሌላ፣ ከዚያም ወደ ሌላ፣ ዘጠና ጊዜ ያህል አሸጋገረው። ኩላሊት ውስጥ መኖር የለመደው ቫይረስ ከብት መግደል ተወ። የከብቱን ሰውነት ግን የበሽታውን መልክ ያስተምር ነበር፤ አንዴ የተከተበ ከብት ዕድሜ ልኩን አይያዝም ነበር። ለጥጃም፣ ለከበደች ላምም፣ ለየትኛውም ዘር የሚሆን፣ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ፕላውራይት ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለመ። ለእኔ ግን ከሽልማቱ ይልቅ ያ ስስ የኩላሊት ምንጣፍ ይደንቀኛል።

በእኛም አገር ነገሩ መልክ እየያዘ መጣ። በ1956 ዓ.ም. ደብረ ዘይት ላይ የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ተቋም ቆመ። በዚያው ሰሞን ከባሕር ዳር በቅርብ ርቀት አንዳሳ ላይ የፎገራን ከብት ዘር የሚጠብቅና የሚያራባ ጣቢያ ተከፈተ። ከክፉ ቀን የተረፉት ጥቂቶች ተባዝተው ሜዳውን መልሰው ሞልተውት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የአፍሪካ አገሮች በአንድነት የከብት ክትባት ዘመቻ አካሄዱ፤ ኢትዮጵያም ገባችበት። በሽታው ከዓይን ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1976 ዘመቻው ሲያበቃ ግን በሩቅ በረሃ የተደበቀ ፍም ቀርቶ ኖሮ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ተቀጣጠለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፎገራ ራሱ መልኩን መለወጥ ጀምሯል። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም.፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች የሜዳውን ውኃ አይተው ሩዝ አስሞከሩ። ጅግናና ሻጋ ላይ በነበሩት የአምራች ገበሬዎች ማኅበራት ተዘራ፤ ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን የወሰደው ከዚያው ቀበሌ ነው። ጤፍ የሚያበሰብሰው ውኃ ለሩዝ ተስማማ። በኋለኞቹ ዓመታት ከብት ይግጥበት የነበረው ረግረግ እየታረሰ የሩዝ ማሳ ሆነ፤ ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ከተማ ሆነች፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የቆመው እዚያው ነው። ሩዝ ሲገባ አይጥ ገባ። አይጥ ሲበዛ ድመት ተፈለገች። መፈልፈያው ውስጥ፣ ጆንያ በጆንያ ላይ በተነባበረበት፣ ድመቷ ከላይኛው ጆንያ ጫፍ ላይ ተኝታ አንድ ጆሮዋን ብቻ ወደ ግድግዳው አዙራ ታገኟታላችሁ። ማንም አይገዛትም፣ ማንም አይሸጣትም፤ ያለ እሷ ግን ጎተራው አያድርም።

ወደ ከብቱ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1986 የመላው አፍሪካ የደስታ በሽታ ዘመቻ ተጀመረ። መጀመሪያ እንደ ልማዱ የተገኘውን ከብት ሁሉ መክተብ ነበር ሥራው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን በኢትዮጵያ የነበሩ ባለሙያዎች፣ ከእነሱም መካከል ፒተር ሮደር፣ የበሽታውን እግር ተከትለው አንድ ነገር ደረሱበት። ደጋው የቫይረሱ ቤት አይደለም። ቫይረሱ ደጋ ሲወጣ አቃጥሎ ያልፋል እንጂ አይቀመጥም። ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው በቆላው ተንቀሳቃሽ መንጋ ውስጥ፣ በተለይም በአፋር ነው። እንግዲያው ደጋውን በየዓመቱ መክተብ ትቶ ቆላው ላይ ማተኮር ይገባል ተባለ። ደፋር ውሳኔ ነበር። የሰሜን ኢትዮጵያን ገበሬ ጥማድ ለመጠበቅ መርፌው ወደ አፋር ግመልተኛ ሄደ ማለት ነው።

አፋር ደግሞ መንገድ እንደ ልብ አልነበረውም፣ በረዶም አልነበረውም። የፕላውራይት ክትባት ቅዝቃዜ ካጣ ይበላሽ ነበር። አሜሪካዊው ጄፍሪ ማሪነር ክትባቱን አድርቆ ሙቀት እንዲችል አደረገው። ያሳደገበት ሕዋስ ቬሮ ይባላል፤ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1962 ከአፍሪካ ጦጣ ኩላሊት ያወጡት ሕዋስ ነው። እንደገና ኩላሊት። አዲሱ ክትባት ያለ በረዶ አንድ ወር ያህል ይቆይ ነበር። በግመል ተጭኖ፣ የጎሳ ሽማግሌዎች ከመካከላቸው መርጠው ባስሠለጠኗቸው አርብቶ አደሮች እጅ፣ የመንግሥት መኪና ደርሶበት የማያውቅ ጉድጓድ ውኃ ዳር ሁሉ ደረሰ። ከብቱን የሚያውቀው፣ መንጋው በየት ወር የት እንደሚያድር የሚያውቀው ራሱ ባለቤቱ ነው፤ ሥራው ለእሱ ሲሰጥ ከሠላሳ ዓመት ዘመቻ የበለጠ ሠራ። በ1995 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ ተመዘገበ። በግንቦት 2000 ዓ.ም. አገሪቱ ከበሽታው ነጻ መሆኗ በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ታወቀላት። በሰኔ 2003 ዓ.ም. የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከተፈጥሮ የተነቀለ ሁለተኛው በሽታ ነው።

አንዱ ሲጠፋ ዘመዶቹ ግን አሉ። የደስታ ቫይረስ ሞርቢሊ በሚባል ወገን ውስጥ ይመደባል። የሕፃናት ኩፍኝ ከዚሁ ወገን ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1912 በርሊን ውስጥ በኩፍኝ ከሞተች ሕፃን ተወስዶ በተቀመጠ ሳንባ ላይ ሠርተው፣ ኩፍኝ ከከብቱ ቫይረስ የተለየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት ገደማ ሳይሆን እንደማይቀር እ.ኤ.አ. በ2020 አሳትመዋል። በግና ፍየል የሚጨርሰው ደስታ መሰል በሽታም ወንድሙ ነው፤ በኢትዮጵያ በ1977 እ.ኤ.አ. አፋር ላይ ተጠርጥሮ በ1991 በቤተ ሙከራ ተረጋገጠ፤ ዓለም እ.ኤ.አ. በ2030 ሊያጠፋው ቀን ቆርጧል። የውሻ ዲስቴምፐር የሚባለው በሽታም ከእነሱው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የሴሬንጌቲን አንበሶች ሲሦ ያህል ጨረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2010ና በ2015 ደግሞ ባሌ ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም የትም የሌሉትን ቀይ ቀበሮዎቻችንን ፈጀ።

የድመት ቫይረሶች ታሪክ በሌላ መንገድ ሲሄድ ቆይቷል። ዊልያም ጃሬት እ.ኤ.አ. በ1964 ግላስጎው ላይ የድመት ሉኪሚያ ቫይረስን አገኘ። በ1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒልስ ፔደርሰንና ጃኔት ያማሞቶ ከሰው ኤች አይ ቪ ጋር የሚዛመደውን የድመት ቫይረስ ለዩ። ይህኛው የድመቷን መከላከያ በዝግታ ይበላል፤ በአንዳንዷም ላይ የኩላሊቱን ማጣሪያ እያሳሳ ፕሮቲን በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል። በአዲስ አበባ ድመቶች ላይ የእነዚህ የሁለቱ ምርመራ ሰውንም ከሚይዘው ቶክሶፕላዝማ ከተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ጋር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል፤ ከተመረመሩት ድመቶች ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ለቶክሶፕላዝማ የተጋለጡ ነበሩ። በእኛ አገር ሳይንስ ድመትን ሲያይ የሚያያት በአብዛኛው ሰውን ታስይዛለች ብሎ ነው። ተገቢ ሥጋት ነው፤ እርጉዝ ሴት ያለችበት ቤት ሊያውቀው ይገባል። ግን ድመቷም ራሷ ትታመማለች።

ሁለቱ መንገዶች የተገናኙት በ2012 እ.ኤ.አ. ሆንግ ኮንግ ውስጥ ነው፤ ደስታ ከምድር መጥፋቱ በታወጀ በዓመቱ። ፓትሪክ ዉና ባልደረቦቹ 457 የመንገድ ድመቶችን መርምረው በ56ቱ፣ በአብዛኛው በሽንታቸው ውስጥ፣ ከዚያ በፊት ማንም ያላወቀው ሞርቢሊ ቫይረስ አገኙ። ለብቻው አውጥተው ያሳደጉትም በድመት ኩላሊት ሕዋስ ላይ ነው። ከዚያ የሞቱ ድመቶችን ኩላሊት ቆርጠው አዩ። ቫይረሱ ካለባቸው 12 ድመቶች በ7ቱ ኩላሊት ውስጥ፣ በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች መካከል ቁስለት አለ፤ ቫይረሱ ከሌለባቸው 15 ውስጥ ግን በ2ቱ ብቻ። ከብቱ ላይ አፍና አንጀት ያጠቃ የነበረው ወገን ድመቷ ላይ ሲደርስ ኩላሊት ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። አካሄዱም ተለወጠ፦ በሳምንት መጣል ቀርቶ፣ ወር በወር በሽንት እየወጣ፣ ምናልባትም ቀስ ብሎ መብላት። በኋላ ጃፓን፣ ጣሊያን፣ ጀርመንና ብራዚልም ተገኘ። አንዳንዱ ጥናት ከኩላሊት በሽታ ጋር ያያይዘዋል፤ አንዳንዱ በታመሙትና በጤነኞቹ መካከል ልዩነት አላየም፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ክትባት አልተሠራለትም።

የድመት ኩላሊት የበረሃ ኩላሊት ነው። የቤት ድመት የወረደችው ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ነው፤ ይህች እንስሳ ከምትበላው አይጥ ውስጥ ያለው ውኃ ይበቃታል፤ ሽንቷን እጅግ አወፍራ ታስወጣለች። በእያንዳንዱ ኩላሊቷ 200,000 ያህል ማጣሪያዎች አሏት፤ የሰው ሚሊዮን ይጠጋል። ማጣሪያ አንዴ ከሞተ አይተካም። ከሦስቱ ሁለቱ ሲያልቁ ሽንት ማወፈር ያቅታታል፤ ከአራቱ ሦስቱ ሲያልቁ ቆሻሻው ደሟ ውስጥ ይቀራል። ቁስለቱ በቫይረስ ይምጣ፣ በእርጅና ይምጣ፣ በመርዝ፣ መጨረሻው በዚሁ በር ያልፋል። ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች አንዱ ውኃ ማብዛት ነው። ከዚያ መክሳት፣ ጠጉር መጉደፍ፣ ማስታወክ፣ የአፍ ጠረን መለወጥ ይመጣል።

ወረታ አካባቢ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ለድመት ውኃ የሚያስቀምጥ ቤት ብዙ አይደለም፤ ከቦዩ፣ ከማሳው፣ ከተጣለ እጥበት ትጠጣለች። ስለዚህ መጠማቷን የሚያይ ሰው የለም፤ ሰው የሚያያት ከስታ አጥንቷ ሲወጣ ነው። ያኔ አረጀች ወይም የተመረዘ አይጥ በላች ተብሎ ይታለፋል። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውኃ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ሁለት ጥቅም አለው፦ የሚደክም ኩላሊት ውኃ ይፈልጋል፤ የጎደለውን ውኃ ደግሞ ባለቤቱ ያየዋል። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ፣ ማለት አንድ ብርጭቆ ያህል፣ አዘውትራ የምትጠጣ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ሊያያት ይገባል። ሐኪሙ ብዙ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ የሽንቷን ውፍረት በአንዲት ጠብታ የሚለካ የእጅ መነጽር ይበቃዋል፤ ልኩ ከ1.035 ከወረደ ኩላሊቷ ይጠረጠራል። ምግቧም ይለወጣል። ጣና ዳር ድመት የምትኖረው በቀረሶና በአምባዛ ትርፍራፊ ነው፤ ትርፍራፊው ደግሞ ጭንቅላትና አጥንት ነው። አጥንት ፎስፈረስ ይበዛዋል፤ የታመመ ኩላሊት ፎስፈረስ ማስወጣት ያቅተዋል። ኩላሊቷ ለታመመ ድመት አጥንቱን አስቀርቶ ለስላሳውን ሥጋ ከነመረቁ መስጠት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይጨምርላታል።